የሁለተኛው «አንበሳው ንጉሥ» ፊልም ዜማና የባለቤትነቱ ታሪክ

ቀድሞ የተወደደውን ፊልም ተከትሎ የሚሠራ ፊልም ብዙ ጊዜ ከፊተኛው ያነሰ ነው ይባላል። በጥቅምት 17 ቀን 1991 ዓ.ም. በአሜሪካ ለሲኒማ አዳራሽ ሳይሆን በቀጥታ ለቪዲዮ ካሴት የወጣው የዲዝኒ ኩባንያ የሥዕል ፊልም፣ «አንበሳው ንጉሥ ሁለት፤ የሲምባ ኩራት»፣ ከዚህ ትችት አላመለጠም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ግን የፊልሙን ዜማ ነው። ምክንያታችንም በመጀመሪያው ፊልም በእንግድነት የገባው የአፍሪካ ዜማ በሁለተኛው እንደ ባለቤት ሆኖ መግባቱ ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ፊልም የሚጀምረው ግልገሉ ሲምባ ከቋጥኝ ላይ ለአራዊት ሁሉ ሲታይ ነው። በዚያ ሥርዓት ላይ የሚሰማው «የሕይወት ዑደት» የተባለው መዝሙር ዜማው የኤልተን ጆን፣ ግጥሙ ደግሞ የቲም ራይስ ነው፤ ሁለቱም እንግሊዛውያን ናቸው። ከመዝሙሩ አስቀድሞ በዙሉ ቋንቋ የአንበሳውን መምጣት የሚያበሥረው ድምፅ ግን የሌቦ ኤም ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1964 በሶዌቶ ተወልዶ በአፓርታይድ ዘመን ከሀገሩ በስደት የወጣ ደቡብ አፍሪካዊ ነው። እንግዲህ አፍሪካዊው በሩን ይከፍታል፤ ወደ ውስጥ የሚገባው መዝሙር ግን የሌሎች ነው።

በሁለተኛው ፊልም ይኸው ሥርዓት ይደገማል። በዚህ ጊዜ የምትታየው የሲምባ ልጅ ኪያራ ናት። ዜማው ግን ተለውጧል። የሚሰማው «እርሱ በአንተ ውስጥ ይኖራል» የሚል ስም ያለው መዝሙር ሲሆን፣ ደራሲዎቹ ማርክ ማንሲና፣ ጄይ ሪፍኪንና ራሱ ሌቦ ኤም ናቸው፤ ዘማሪውም ሌቦ ኤም ነው። መዝሙሩ ለዚህ ፊልም ተብሎ የተደረሰ አልነበረም። በመጀመሪያ በ1987 ዓ.ም. ከፊተኛው ፊልም መንፈስ በተወለደ የሙዚቃ አልበም ላይ ወጣ። ከዚያም በ1990 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ብሮድዌይ በተከፈተው የቴአትር ድርሰት ውስጥ ገባ። ወደ ተከታዩ ፊልም የደረሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስለሆነም የሥዕሉ ታሪክ ከፊልም ወደ ፊልም ሲተላለፍ፣ ዜማው በአልበምና በመድረክ በኩል ዞሮ መጥቷል ማለት ነው። የመዝሙሩም ሐሳብ፣ የሞተ አባት በልጁ ሕያው ሆኖ ይኖራል የሚለው፣ ልጅ በአባቱ ስም ለሚጠራበት ለእኛ ሀገር ሰው ማስረጃ አያሻውም።

የቀሩት መዝሙሮች ይበልጡን የአሜሪካውያን ድርሰት ናቸው። ከእነርሱ መካከል ቶም ስኖው ካቀናበራቸው ሁለቱ ጎን ለጎን ሊታዩ ይገባል። በአንደኛው ሲምባ ለልጁ ሁላችንም አንድ ነን ብሎ ያስተምራታል፤ በሌላው ግን ከተጣለው ወገን የመጣው ኮቩ፣ ከእኛ ወገን አይደለም ተብሎ በዝማሬ ይባረራል። ትምህርቱን ያስተማረው ንጉሥ ፍርዱንም የሰጠው ራሱ ነው። ይህን ተቃርኖ ያለ ብዙ ንግግር የሚያስረዳው ዜማው ነው።

የባለቤትነቱ ነገር ለምን እንደሚያሳስብ ለመረዳት ወደ ፊተኛው ፊልም እንመለስ። በዚያ ፊልም ቲሞንና ፑምባ የሚያንጎራጉሩት ስለ ተኛ አንበሳ የሚናገር ዘፈን መሠረቱ «ምቡቤ» ይባላል። ሰሎሞን ሊንዳ የተባለ የዙሉ ዘፋኝ እ.ኤ.አ. በ1939 በጆሃንስበርግ በሸክላ አስቀረጸው። መብቱንም በ10 ሺልንግ ለሸክላ ኩባንያው ሸጠ። ዘፈኑ በ1961 በእንግሊዝኛ ግጥም ተዘፍኖ ዓለምን ሲያዳርስ፣ ሊንዳ በ1962 በድህነት ዐረፈ። ወራሾቹ በ2004 ክስ መሥርተው በ2006 በስምምነት ድርሻ አገኙ። አንዱ አንበሳ ለሁለት አፍሪካውያን የተለያየ ዕድል አመጣ፤ የአንዱ ስም በደራሲነት ተጻፈ፣ የሌላው ግን ከሞተ ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ በፍርድ ቤት ተፈለገ።

ይህ ጉዳይ ከእኛም የራቀ አይደለም። በኮልፌ ቀራኒዮ፣ ለክፍለ ከተማው የስሙን እኩሌታ በሰጠው በቀራኒዮ መድኃኔዓለም ደብር፣ ሕፃን የግእዙ ምሥጢር ሳይገባው ዜማውን በቃሉ ይይዛል። በዚያው ክፍለ ከተማ በመውሊድ ጊዜ መንዙማ ይሰማል። ስለዚህ የዙሉ ቃል የማያውቅ የኮልፌ ልጅ የሌቦ ኤምን ጥሪ ቢወድ አያስገርምም፤ ዜማ ከትርጉም ቀድሞ መግባቱን ከቤቱ ያውቀዋል። ደግሞም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሁሉ ገንዘብ ናቸው፤ አዝማሪ በእነርሱ ላይ አዲስ ግጥም ቢያወርድ ሌባ አይባልም።

ይሁን እንጂ ቅኝት የጋራ ስለሆነ በቅኝቱ የተደረሰው ዘፈን ሁሉ ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የድርሰትን ባለቤትነት ደንግጎ ነበር፤ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ ይህን በሰፊው አጽንቶታል። ሕግ ግን ይበልጥ የሚጠቅመው ስሙ የታወቀውን ነው። የዜማ ደራሲው ማን እንደሆነ ያልተመዘገበለት ዘፈን ነገ በባዕድ ፊልም ውስጥ ቢሰማ፣ ወራሽ ነኝ የሚል ሰው በምን ማስረጃ ይቆማል?

በእኛ አስተያየት የሁለተኛው ፊልም ትምህርት ይህ ነው። የአፍሪካ ዜማ ወደ ሌላ ሰው ሥራ መግባቱ በራሱ ጉዳት አይደለም፤ የሚጎዳው ስሙን በደጅ ጥሎ የገባ እንደሆነ ነው። ስለዚህ የታሪክና የሙዚቃ ተማሪዎች በየሠፈሩ ከሚኖሩት አረጋውያን ዘፋኞችና ዜማ ደራሲዎች ዘንድ እየሄዱ፣ የትኛው ዜማ የማን እንደሆነ በሕይወት ሳሉ ጠይቀው ቢጽፉ፣ ለሊንዳ ያልተደረገለት ለእነርሱ ይደረግላቸዋል።