ተራራን አፍርሶ መልሶ ስለ መሥራት

አንባቢ ሆይ፤ ቤቱን አፍርሶ መልሶ የሚሠራ ሰው ድንጋዩን ይቈጥራል፤ እንጨቱንም ለይቶ ያስቀምጣል። ተራራን አፍርሶ መልሶ ለመሥራት የሚነሣ ሰው ግን ምኑን ቈጥሮ ምኑን ያስቀምጥ? ይህ ጥያቄ የጨዋታ ጥያቄ አይደለም። በአሜሪካ አገር አፓላቺያ በሚባለው የተራራ ሰንሰለት፥ በኬንተኪና በዌስት ቨርጂኒያ ግዛቶች በእርግጥ የተጠየቀ ነው። መልሱንም ለማግኘት ብዙ ዘመን ፈጅቷል። (ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

በዚያ አገር የድንጋይ ከሰል ቀድሞ ይወጣ የነበረው በዋሻ ነው። ኋላ ግን ትልልቅ መኪናዎች በመጡ ጊዜ፥ ደኑን መንጥሮ አፈሩንና ዐለቱን ከከሰሉ ላይ መግፈፍ የሚቀል ኾነ። በመጨረሻም የተራራውን ራስ በፈንጂ አፍርሶ ፍርስራሹን ከሥር ባለው ሸለቆ መድፋት ተለመደ። በሸለቆው ውስጥ ደግሞ ምንጭ አለ። ከ1985 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ብቻ ከ1,100 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የጅረት መንገድ በዚህ ዐይነት እንደ ተደፈነ የአሜሪካ መንግሥት ራሱ ቈጥሮ አስታውቋል። አፓላቺያ ሳላማንደር የሚባለው፥ እንሽላሊት የሚመስል ቈዳው ግን እንደ እንቍራሪት የለሰለሰ ፍጥረት፥ ከሌላው ዓለም ይልቅ በብዙ ዐይነት የሚገኝበት ስፍራ ነው። ይህ ፍጥረት ትንሽ ነው፤ አይጮኽም፤ ስለዚህም ምንጩ ሲደፈንበት የሰማው የለም። ያልተደፈነውም ጅረት ቢኾን አልዳነም። ከዐለቱ ጋራ የሚወጣው፥ ብረትና ዲን የተዋሐደበት ማዕድን ነፋስና ውሃ ሲያገኘው አሲድ ይወልዳልና፥ ወንዙ የዝገት መልክ ይዞ ዓሣ የማይኖርበት ይኾናል።

ሕግ እንዲወጣ የአገሩ ሰዎች ብዙ ጮኹ። ምክር ቤቱ ያሳለፈውን ሕግ ፕሬዚደንት ፎርድ በ1974 አንድ ጊዜ፥ በ1975 ሁለተኛ ጊዜ፥ ሥራ ይጠፋል ዋጋም ይወደዳል ብለው መለሱት። ፕሬዚደንት ካርተር ግን በነሐሴ ወር 1977 ፈረሙበት። ከሰል አውጪው መሬቱን ወደ ቀድሞ ቅርጹ እንዲመልስ፥ ሥራም ሳይጀምር የዋስትና ገንዘብ እንዲያስይዝ ታዘዘ። ቀድሞ ተበላሽቶ ባለቤት ላጣውም መሬት መጠገኛ፥ ከመሬት ገጽ ከሚወጣው ከያንዳንዱ ቶን 35 ሳንቲም፥ ከዋሻ ከሚወጣው 15 ሳንቲም እንዲከፈል ተወሰነ። ነገር ግን ሕጉ የተራራ ራስ ለሚቈርጡት በር ትቶላቸው ነበር፤ ሜዳው ለፋብሪካ ወይም ለመኖሪያና ለመሰለው ጥቅም ይውላል ካሉ ተራራውን መልሰው መከመር የለባቸውም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ክፋት የሌለበት ስሕተት ነው። ሕጉ ከወጣ በኋላ ተቈጣጣሪዎቹ አፈሩ በጐርፍ እንዳይሄድ ሠጉ። ስለዚህ ከባዱ መኪና በተመለሰው አፈር ላይ እየተመላለሰ ጠቀጠቀው፤ እንደ ጠረጴዛም አስተካከለው፤ ፈጥኖ የሚበቅል ሣርም ተዘራበት። ለሚያየው ሰው ያማረ ነበር። ነገር ግን በዚያ በደደረ መሬት ላይ የዛፍ ሥር መግቢያ አጣ፤ ደኑም ዐሥር ዓመት፥ ሃያ ዓመት ቢጠበቅ አልተመለሰም። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆሞ ለማውረድ ይቸግራል እንደሚባለው፥ ያ ሁሉ ድካም ሌላ ድካም ወለደ። የደን ሊቃውንት ነገሩን መርምረው፥ ዛፍ የሚፈልገው ያላማረውን፥ ጐድጓዳና ጕብታ የበዛበትን፥ ከአንድ ሜትር የበለጠ ጥልቀት ያለውን ልል አፈር መኾኑን አስረዱ። በ2004 መንግሥትና ሊቃውንቱ ኅብረት አቋቁመው ይህን ዘዴ ማስተማር ጀመሩ። ቀድሞ በተጠቀጠቀውም መሬት ላይ መኪና ረዥም የብረት ጥርስ እየጐተተ ይፈታው ገባ፤ መኪና የሠራውን መኪና አፈረሰው ማለት ነው።

በሣሩም የተጠቀመ አልጠፋም። ከኬንተኪ ምድር ከመቶ ዓመት በላይ ጠፍቶ የነበረው ኤልክ የሚባለው ታላቅ የአጋዘን ዘር፥ ከ1997 እስከ 2002 ድረስ ከምዕራብ ግዛቶች 1,500 ያህል መጥቶ በዚያ ተለቀቀ። ዛሬ በቍጥር በዝቷል፤ ሊያየው የሚሄደውም ሰው ብዙ ነው። ይህ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ኤልኩ የሚግጥበት ሜዳ፥ በረዣዥም ዛፎች ጫፍ ላይ ጐጆዋን ትሠራ የነበረች ወፍ ያጣችው ቤት ነው። ለአንዱ እንግዳ የተሰጠ ማደሪያ ለቀድሞው ባለቤት እንደ ተከፈለ ዕዳ ሊቈጠር አይገባም።

ይህን ሁሉ የጻፍሁት ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ ስላልኾነ ነው። በኢሉባቦር በያዩ የዱር ቡና የሚበቅልበት ደን አለ፤ ዩኔስኮም በ2010 በዓለም መዝገብ አግብቶታል። በዚያው በያዩ አገር ከመሬት ሥር የድንጋይ ከሰል ይገኛል፤ ከሰሉን አውጥቶ ማዳበሪያ ለመሥራትም ታላቅ የፋብሪካ ሥራ ተጀምሮ ነበር። ያ የዱር ቡና የሚኖረው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው፤ እንዲህ ያለውን ዛፍ በልል አፈር ላይ እንኳ ቢተክሉት ለጥላ እስኪበቃ ድረስ የተከለው ሰው ያረጃል።