በተዋሱት ጀልባ ባሕር መሻገር

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ማኦ ሴቱንግ የራሱ የዜና ወኪል ነበረው። በኅዳር 1931 በጂያንግሺ ክፍለ ሀገር ሩዪጂን በምትባል ከተማ «የቀይ ቻይና ዜና ወኪል» ተብሎ የተቋቋመው ድርጅት በ1937 ስሙን ለውጦ ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ሺንዋ ሆነ። ይሁን እንጂ አማፂ ስለ ራሱ የሚያወራውን ማን አምኖ ይሰማዋል? የቻይና ኮሚኒስቶች ታሪክ በዓለም ጆሮ የገባው በራሳቸው ወኪል አፍ አይደለም። በ1936 ከበባውን አልፎ ሰሜን ምዕራብ ቻይና የደረሰው አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ኤድጋር ስኖው ባኦአን በምትባል ሥፍራ ከማኦ ጋር እየተቀመጠ የሕይወት ታሪኩንና ዓላማውን ከአንደበቱ ጻፈ። ስኖው ራሱ እንዳስረዳው፣ ማኦ የተናገረው በእንግሊዝኛ ከሰፈረ በኋላ እንደገና ወደ ቻይንኛ ተተርጉሞ እንዲያርመው ይቀርብለት ነበር። «ቀይ ኮከብ በቻይና ላይ» የተሰኘው መጽሐፍ በ1937 ለንደን ላይ ታተመ፤ በተከታዩ ዓመትም ሻንጋይ ውስጥ በቻይንኛ ተተርጉሞ ወጣ። ስለዚህ ብዙ ቻይናውያን በገዛ አገራቸው ተራሮች ስለሸፈቱት ሰዎች ያነበቡት ከባዕድ ብዕር ነበር።

ስኖው ቅጥረኛ አልነበረም። ያየውንና የሰማውን በቅንነት የጻፈ ሰው ነው። ነገር ግን የቻይና ኮሚኒስት ፓርቲ በዚያ አጋጣሚ አንድ ትምህርት ሳያገኝ አልቀረም፤ ቃል ከባለቤቱ አፍ ሲወጣ ይጠረጠራል፣ ከሌላው አፍ ሲወጣ ግን ይታመናል። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው የእኛ ተረት ለፕሮፓጋንዳ ሰዎች አይሠራም ማለት ነው። የሰው ወርቅ ለእነርሱ በደንብ ያደምቃል።

ፓርቲው ሥልጣን ከመያዙ በፊትም ሆነ በኋላ በራሱ ስም መናገሩን አልተወም። የያንአን ራዲዮ በታኅሣሥ 1940 ተከፈተ። በተከታዩ ዓመት ታኅሣሥ ወር በጃፓንኛ፣ በመስከረም 1947 ደግሞ በእንግሊዝኛ ማሰራጨት ጀመረ። በመስከረም 1961 ስዋሂሊ ተጨመረ። ራዲዮ ፔኪንግ የሚያወራው ደረቅና ሰልቺ ሊሆን ይችል ነበር፤ ቢሆንም የሚናገረው ማን እንደሆነ አድማጩ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። እኛም ብንሆን ለዐሥርት ዓመታት የጀርመን ድምፅንና የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ፕሮግራም ስናዳምጥ የኖርነው ስማቸውን እያወቅን ነው። የራዲዮኑን ቁልፍ የሚያዞር ሰው «ይህ የእገሌ መንግሥት ነው» ብሎ፣ ከሰማው ላይ ቀንሶና ጨምሮ ይረዳ ነበር። ስሙን የነገረህን ሰው መመዘን ይቻላል።

ስሙን ያልነገረህንስ? ይህን ጥያቄ ለመመለስ ከቻይና ወጥተን በውጭ አገር ወደሚኖሩት ቻይናውያን ጋዜጦች መሄድ ይኖርብናል።

የስደተኛ ጋዜጣ ትልቅ ነገር ነው። በሰው አገር ቋንቋው ለጠፋበት ሠራተኛ የቤት ኪራዩን፣ የሕጉን፣ የሞተውንና ያገባውን፣ የአገር ቤቱንም ወሬ የሚነግረው እርሱ ብቻ ነው። በአሜሪካ የመጀመሪያው የቻይንኛ ጋዜጣ በሳን ፍራንሲስኮ የታተመው በ1854 ነበር። የቺንግ ሥርወ መንግሥትን የጣለው አብዮት መሪ ሱን ያት ሴንም በ1910 እዚያው ከተማ የፓርቲውን ጋዜጣ አቋቁሟል። ከእነዚህ ሁሉ ግን ታሪኩ ልብ የሚነካው የኒውዮርክ ልብስ አጣቢዎች ጋዜጣ ነው።

በ1933 የኒውዮርክ ከተማ ምክር ቤት በልብስ አጣቢዎች ላይ የ1,000 ዶላር ዋስትና ሊጥል ተነሣ። በእጁ አጥቦና ተኩሶ ለሚያድር ቻይናዊ ይህ ሱቅህን ዝጋ ከማለት አይለይም። አጣቢዎቹ የራሳቸውን ማኅበር መሥርተው ተሟገቱና ዋስትናውን ወደ 100 ዶላር አወረዱት። በሐምሌ 1940 ደግሞ ከየኪሳቸው ባዋጡት አክሲዮን «ሁዋቺያኦ ሪባኦ» የሚባል ዕለታዊ ጋዜጣ አቋቋሙ። ጋዜጣው በጃፓን ወረራ ጊዜ ለአገሩ ጮኸ፤ ከ1949 በኋላም ለአዲሱ የቤጂንግ መንግሥት ወገነ። ይህም በማካርቲ ዘመን ዋጋ አስከፈለው። በ1952 የአሜሪካ መንግሥት ለቤተሰብ ገንዘብ ስለመላክ የሚናገር የባንክ ማስታወቂያ አትማችኋልና ከጠላት ጋር ነግዳችኋል ብሎ ከሰሰው። አዘጋጁ ዩጂን ሞይ እስር ቤት ገባ። አንባቢዎች በመርማሪዎች እየተጠሩ ስለፈሩ ጋዜጣውን በእጃቸው መያዝ ተዉ። ጋዜጣው ግን አልሞተም፤ አስታሞ አስታሞ እስከ 1989 ደረሰ።

ሰኔ 4 ቀን 1989 የቻይና ጦር በቤጂንግ መንገዶች ላይ ሕዝብ ገደለ። ለአርባ ዓመት ለቤጂንግ ሲወግን የኖረው፣ ስለ እርሷም የታሰረለት ጋዜጣ ግድያውን በግልጽ አወገዘ። ከዚያ በኋላ የነበረው ድጋፍ ቆመ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ጋዜጣው ተዘጋ። በጥር 1990 «ቺያኦባኦ» የተባለ፣ ለቤጂንግ መስመር የሚመች ሌላ ጋዜጣ በኒውዮርክ መታተም ጀመረ። እንግዲህ አንድ ጋዜጣ በሁለት መንግሥታት ተመታ። አንዱ ለቻይና ተናገርክ ብሎ ከሰሰው፤ ሌላው ስለ ተማሪዎቹ ዝም አልልም ሲል ተወው። ከልብስ አጣቢዎቹ ሣንቲም ጋር የተወለደው ነጻነት፣ ከሌላ ሰው ገንዘብ ጋር መኖር በጀመረ ጊዜ አጥሩ እንደ ተነቃነቀ ያወቀው በመጨረሻዋ ሰዓት ነው።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ሥርዓት ያዘ። በ1952 የተቋቋመውና ዋና ሥራው በውጭ ላሉ የቻይንኛ ጋዜጦች ዜናና ጽሑፍ ማቅረብ የሆነው የቻይና ዜና አገልግሎት ከ2001 ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ የዓለም የቻይንኛ መገናኛ ብዙኃን ጉባኤን ያዘጋጃል፤ የመጀመሪያው የተካሄደው በናንጂንግ ነበር። ከየአህጉሩ የሚመጡ የትናንሽ ጋዜጦች ባለቤቶች ይስተናገዳሉ፣ ፋብሪካ ይጐበኛሉ፣ ይፈራረማሉ። ሁለትና ሦስት ሠራተኛ ይዞ ለሚያትም አዘጋጅ በነጻ የሚመጣ የተዘጋጀ ገጽ ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ የኅትመት ሥራ የቀመሰ ሁሉ ያውቀዋል። ማንም መሣሪያ አልደገነበትም። ገጹን የሞላለት ግን የትኛው ወሬ እንደማይገባበትም አብሮ ወሰነለት።

በ2000ዎቹ መጨረሻ ቻይና ለውጭ መገናኛ ብዙኃኗ ከፍተኛ ገንዘብ መደበች። የቻይና ዓለም አቀፍ ራዲዮ ኃላፊ የነበሩት ዋንግ ገንግኒያን ዘዴውን «ጀልባ ተውሶ ባሕር መሻገር» በሚለው አነጋገር ገለጹት። አነጋገሩ ጀልባው የማን፣ ጭነቱስ የማን እንደሆነ ራሱ ይናገራል። ሮይተርስ በኅዳር 2015 ባወጣው ምርመራ በ14 አገሮች የሚገኙ ቢያንስ 33 የራዲዮ ጣቢያዎች የዚህን ራዲዮ ፕሮግራም እንደሚያሰራጩ ገለጠ። ጣቢያዎቹ በካሊፎርኒያ፣ በሜልቦርንና በፊንላንድ በሚገኙ፣ በውጭ የሚኖሩ ቻይናውያን በሚመሯቸው ሦስት ኩባንያዎች ሥር የተያዙ ነበሩ፤ በሦስቱም ውስጥ 60 በመቶው ድርሻ የቻይና ዓለም አቀፍ ራዲዮ ቅርንጫፍ ነበር። በዋሽንግተን አካባቢ የሚሰማው ጣቢያ በ2014 የሆንግ ኮንግን ሰልፍ ሲዘግብ፣ ሰልፈኞቹ ለምን እንደወጡ ሳይናገር አለፈ። ውሸት አልተናገረም። ዋናውን ነገር ብቻ ዘለለ።

ታላላቆቹም ጋዜጦች ቢሆኑ ከዚህ አላመለጡም። በ1981 የተመሠረተው የእንግሊዝኛው «ቻይና ዴይሊ» «ቻይና ዎች» የሚባል ተጨማሪ ዕትም እያዘጋጀ፣ እየከፈለ ከዋሽንግተን ፖስት፣ ከዎል ስትሪት ጆርናል፣ ከለንደኑ ዴይሊ ቴሌግራፍ ጋር አብሮ ያስታጥፍ ነበር። ራሱ ለአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ባቀረበው ሰነድ መሠረት ከኅዳር 2016 እስከ 2020 አጋማሽ ለዋሽንግተን ፖስት ከ4.6 ሚሊዮን ዶላር በላይ፣ ለዎል ስትሪት ጆርናል ወደ 6 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ማስታወቂያ መሆኑ በትንንሽ ፊደል ተጽፎበት ነበር። አንባቢው ዐይኑ ካልደረሰ ጥፋቱ የማን ነው?

አፍሪካም የራሷ ምዕራፍ አላት። የቻይና ዓለም አቀፍ ራዲዮ በውጭ አገር የመጀመሪያውን ኤፍ ኤም ጣቢያ የከፈተው በጥር 2006 ናይሮቢ ላይ ነው። የቻይና ማዕከላዊ ቴሌቪዥንም በጥር 2012 የአፍሪካ ዝግጅቱን እዚያው ጀመረ። በ2015 የጆሐንስበርግ ጉባኤ ላይ 10,000 የአፍሪካ መንደሮችን የሳተላይት ቴሌቪዥን ተጠቃሚ ለማድረግ ቃል ተገባ። ከ2014 ወዲህ አፍሪካውያን ጋዜጠኞች ለወራት ቤጂንግ እየተቀመጡ የሚዘግቡበት ፕሮግራም አለ። ይህን ሁሉ በጥርጣሬ ብቻ መመልከት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ምዕራባውያን ወኪሎች ስለ አፍሪካ ሲዘግቡ ጦርነትና ረኀብ ብቻ ማሳየታቸው የቆየ ቅሬታ ነው፤ በዩኔስኮ መድረክ በ1970ዎቹ ያስነሣው ክርክር በ1980 በወጣው የማክብራይድ ሪፖርት ሰፍሯል። በ1984 ድርቅ ፊታችን በዓለም ቴሌቪዥን እንዴት እንደታየ ለምናስታውስ ኢትዮጵያውያን ቅሬታው እንግዳ አይደለም። የናይሮቢው ጣቢያም ስሙን ሰሌዳው ላይ ጽፎ፣ አፍሪካውያን ጋዜጠኞችን ቀጥሮ የሚሠራ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ስሙ ከሰሌዳው ሲወርድ ነው።

በ2013 ከደቡብ አፍሪካ ትላልቅ የጋዜጣ ኩባንያዎች አንዱ የሆነው ኢንዲፔንደንት ሲሸጥ 20 በመቶው ድርሻ በቻይና ድርጅቶች እጅ ገባ። በመስከረም 2018 በኩባንያው ጋዜጦች ላይ ሳምንታዊ ዓምድ የነበረው አዛድ ኤሳ ስለ ቻይና ኡይጉር ሙስሊሞች አፈና ጻፈ። ጽሑፉ በወረቀት ወጣ። የኢንተርኔቱ ዕትም ግን ሳያወጣው ቀረ፤ ወዲያውም ዓምዱ ተሰረዘ። ለእርሱ የተነገረው ምክንያት የጋዜጦቹ የገጽ አደረጃጀት ተለውጧል የሚል ነበር። የኒውዮርኩ ጋዜጣ በ1989 የገጠመው ነገር ከሃያ ዘጠኝ ዓመት በኋላ በኬፕታውንና በጆሐንስበርግ መልኩን ለውጦ መጣ። «የበላበትን ወጭት ሰባሪ» ለመባል የፈለገ አዘጋጅ ማን አለ?

ፕሬዚዳንት ሺ ጂንፒንግ በየካቲት 2016 ታላላቆቹን የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን ሲጐበኙ፣ መገናኛ ብዙኃኑ የቤተሰብ ስማቸው ፓርቲ መሆን እንዳለበት አሳስበው ነበር። በቻይናውያን ዘንድ የቤተሰብ ስም ከግል ስም ይቀድማል፤ ማን ናችሁ ከመባሉ በፊት የማን ናችሁ ይባላል ማለት ነው። ይህ ቢያንስ ግልጽነት አለው። አገር ቤት ጋዜጣ የሚገዛው ቻይናዊ የሚያነበው የማን ቃል እንደሆነ ያውቃል። ባሕር ሲሻገር ግን ያው ጭነት ያለ ቤተሰብ ስም ይጓዛል። የውጭው አንባቢ ለቤጂንግ አንባቢ ያልተነፈገውን ተነፈገ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ጉዳይ የቻይናውያን ብቻ አይደለም። በዋሽንግተንም ሆነ በሌሎች ከተሞች የሚኖሩ ወገኖቻችን የአማርኛ ፕሮግራሞቻቸውን የሚያቀርቡት ከሰው ጣቢያ ሰዓት እየተከራዩ፣ ከምግብ ቤትና ከጉዞ ወኪል ማስታወቂያ እየለቀሙ ነው። አገር ቤትም የወረቀት ዋጋ ያላስጨነቀው አሳታሚ የለም። እንዲህ ያለው ቤት ገንዘብ ይዞ የሚመጣ እንግዳ ሲንኳኳ፣ ቤጂንግም ይሁን ሌላ፣ በሩን ለመክፈት ይቸኩላል። እንግዳው የሚጠይቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ አንዲት ዓረፍተ ነገር አይደለችም፤ ስለ አንድ ነገር አለመጻፍ ነው።

አባቶቻችን «ዝም አይነቅዝም» ብለዋል። ለግለሰብ ምክሩ መልካም ይሆናል። የጋዜጣ ዝምታ ግን ይነቅዛል፤ መንቀዙን የሚያውቀውም ጐተራውን ከፍቶ የሚያይ አንባቢ ነው። ስለዚህ ከአሳታሚ ሁለት ነገር መጠየቅ መብታችን ነው፦ ገጹን ማን ሞላው? ወጪውንስ ማን ከፈለ? መልሱ በትንንሽ ፊደል ሳይሆን ከርዕሱ እኩል ጐልቶ ይጻፍልን። ከዚያ በኋላ የቤጂንግንም፣ የዋሽንግተንንም፣ የራሳችንንም መንግሥት ቃል አንብበን የምንፈርደው እኛ ነን።