ገጹ ሲለወጥ የሚጠፋው ምንድን ነው?

ከጥቂት ጊዜ በፊት፣ እዚሁ ጋአን ሊባህ እንጀራ ጋግረው የሚተዳደሩ አንዲት ጎረቤቴ ስልካቸውን ይዘው ቤቴ መጡ። በስደት ያለው ልጃቸው ድምፁን የሚልክላቸው በአንድ የማኅበራዊ መገናኛ መተግበሪያ ነው። መተግበሪያው ሌሊቱን ራሱን አድሶ ኖሮ፣ የልጃቸውን ድምፅ የሚከፍቱባት ምልክት ከለመዷት ቦታ የለችም። የትርጉም ሰው ነኝና፣ «ጽሑፉን እኮ በአማርኛ ልነግርዎት እችላለሁ» ብላቸው፣ «ወንድሜ፣ ጽሑፉንስ መቼ አንብቤው አውቃለሁ? እኔ የማውቀው ቦታውን ነበር» አሉኝ።

ይህች መልስ ስለ አንድ የቆየ ጥያቄ እንደገና እንዳስብ አደረገችኝ። የማኅበራዊ መገናኛ ገጾች መልካቸውን በለወጡ ቁጥር ተጠቃሚዎቻቸው የሚቆጡት ስለ ምንድን ነው? (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቁጣው አዲስ አይደለም። ፌስቡክ በተመሠረተ በሦስተኛው ዓመት፣ በሴፕቴምበር 2006፣ ወዳጅ ዘመድ የሚሠራውን ሁሉ በአንድ ረድፍ ሰብስቦ የሚያሳየውን «ኒውስ ፊድ» ዘረጋ። እስከዚያ ድረስ የአንዱን ወሬ ለማወቅ የግድ ወደ እርሱ ገጽ መሄድ ያስፈልግ ነበር። ተጠቃሚዎች የቤታቸው ግድግዳ ሳይጠየቁ በመስታወት እንደተተካባቸው ቆጠሩት። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ700 ሺህ በላይ ሰዎች በአንድ የተቃውሞ ቡድን ተሰባሰቡ። የኩባንያው መሥራች ማርክ ዙከርበርግ ይቅርታ ጠይቆ፣ ለሌሎች የሚታየውንና የማይታየውን ተጠቃሚው ራሱ የሚመርጥበትን መንገድ አበጀ። ረድፉ ግን አልተነሣም፤ ዛሬ ያለ እርሱ የነበረውን ፌስቡክ የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

በ2018 ደግሞ ስናፕቻት የወዳጆችን መልእክትና ምስል የሚያሳይበትን ቦታ ባዛወረ ጊዜ፣ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የቀድሞው ገጽ እንዲመለስ አቤቱታ ፈረሙ። በየቀኑ የሚጠቀሙበት ሰዎች ቁጥር በዚያው ዓመት በሦስት ወራት ውስጥ ከ191 ሚሊዮን ወደ 188 ሚሊዮን ወረደ። ኩባንያውም ለውጡ ተጠቃሚዎችን እንዳወከ አምኖ፣ የተወሰነውን ወደ ነበረበት መለሰ።

«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» እንዲሉ፣ ብዙዎች ይህን ቁጣ የልማድ ነገር አድርገው ያልፉታል። ነገሩ ግን ከልማድ ይጠልቃል። ስልኩ በማያውቀው ቋንቋ ለሚናገረው ሰው፣ ቦታ ማለት ፊደል ነው። ምልክቷ ከቀኝ ወደ ግራ ስትዛወር አንባቢ የነበረው በአንድ ሌሊት ማይም ይሆናል።

የምንኖርባት ምድር ይህን በፊደሏ ቀምሳዋለች። የሶማልኛ ቋንቋ እስከ 1972 ድረስ ሁሉም የተስማማበት አንድ ጽሕፈት አልነበረውም። በዐረብኛ ፊደል የሚጽፉ ነበሩ፤ ዑስማን ዩሱፍ ኬናዲድ በ1920ዎቹ መባቻ ያበጀው የዑስማንያ ፊደል ነበር፤ ሼክ አብዱራህማን ሼክ ኑር በ1933 የፈጠረው የቦራማ ፊደልም ነበር። የላቲኑ ፊደል ሐሳብ ሲነሣ ተቃዋሚዎቹ «ላቲን ዋ ላ ዲን» ይሉ ነበር፤ ላቲን ማለት ሃይማኖት የለሽነት ነው እንደማለት። በኦክቶበር 1972 የዚያድ ባሬ ወታደራዊ መንግሥት የላቲኑን ፊደል አወጀ። በዐረብኛ፣ በእንግሊዝኛና በጣሊያንኛ ይጽፍ የነበረ ሹም ሁሉ በአንድ ጊዜ ተማሪ ሆነ።

አዋጁ ሕዝብ ተጠይቆ የወጣ አልነበረም። ሆኖም ከአዋጁ ጋር አስተማሪ ተላከ። የመንግሥት ሠራተኞች ፊደሉን የሚያጠኑበት ጥቂት ወራት ተሰጣቸው። በ1973 በከተሞች፣ በ1974 ደግሞ በገጠር ዘመቻ ተከፈተ፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከ20 ሺህ በላይ ተማሪዎችና መምህራን ወደ አርብቶ አደሩ ወጡ። በዚያው ወቅት «ዳባዴር» የተባለው ጽኑ ድርቅ ቢገጥማቸውም፣ ከትምህርቱ ጎን ለተጎዱት ርዳታ እያደረሱ ቆዩ።

ውጤቱን በአጠገባችን እናየዋለን። ያው መንግሥት በ1988 ሐርጌሳን በቦምብ ደበደበ። ሶማሌላንድ በሜይ 1991 ከኅብረቱ መለየቷን ስታውጅ ሌላ ባንዲራ ሰቀለች፤ ቆይታም የራሷን ገንዘብ አሳተመች። ፊደሉን ግን አልጣለችውም። «የአንበሳ እጅ» የሚል ትርጉም ባለው በጋአን ሊባህ፣ የሱቆቹ ሰሌዳ ዛሬም የሚጻፈው በዚያው ፊደል ነው። ሕዝቡ የጠላውን መንግሥት ሲጥል የተማረውን አልጣለም፤ የተማረው የራሱ ሆኗልና።

የስልኮቻችን ባለቤቶች ገጹን ሌሊት ይለውጣሉ፤ አስተማሪ ግን አይልኩም። የአስተማሪው ሥራ የሚወድቀው በየቤቱ ባለ ልጅ፣ በጎረቤትና በሱቅ ጠባቂ ላይ ነው። እኔም ያን ዕለት አዲሱን ቦታ ለጎረቤቴ አሳየኋቸው፤ ሦስት ጊዜ ራሳቸው እስኪከፍቱት ድረስ አብሬያቸው ተቀመጥሁ። በሦስተኛው ላይ የልጃቸው ድምፅ ወጣ።

ውድ አንባቢያን፣ እናንተም በቤታችሁ ቦታውን እንጂ ጽሑፉን የማያውቅ ሰው ይኖር እንደሆነ ጠይቁ። ገጹ በተለወጠ ማግስት፣ ሳይጠራችሁ ሂዱለት።