የተሸጎጠ ነገር

ባለፈው ክረምት ከቦረና የሆንን አራት ተማሪዎች ለዕረፍት መካነ ሰላም ገብተን ነበር። አንድ ማታ ከመካከላችን የአንዱ አጎት ከቆጥ ላይ አንድ የጨርቅ ጥቅል አውርዶ ፊታችን ፈታው። ውስጡ ሽጉጥ ነበረ። «አያትህ የተዉት ነው። መንገዱን እንደሁ ታየዋለህ፤ ስትመለስ ያዘው» አለ። ጓደኛችን እሺም እምቢም ሳይል፣ «የት አድርጌ ነው የምይዘው?» ብሎ ጠየቀ። ሳቅን። ሳቃችን ግን ብዙ አልቆየም። ለካ ለጥያቄው መልስ የለንም! ጠመንጃ ቢሆን ትከሻ አለለት። ሽጉጥስ? ይህ ጽሑፍ ከዚያች ጥያቄ የተወለደ ነውና አንባቢ ከዚያው ይነሣልን።

በቅድሚያ ስሙን እንመልከት። ጠመንጃ ይነገታል፣ ጦር ይሰበቃል፣ ጎራዴ ይታጠቁታል። ሽጉጥ ግን ስሙን ያገኘው ከአያያዙ ነው፤ ሸጎጠ፣ ተሸጎጠ፣ ሽጉጥ። ባህር ማዶ የተሠራ ዕቃ አገራችን ሲገባ ሕዝቡ በምን እንደሚለይ አይቶ ስም አወጣለት። የሚለየውም መደበቁ ነው። ስለዚህ «የት ልያዘው?» የሚለው ጥያቄ አማርኛው ውስጥ ድሮውኑ ተቀምጦ ኖሯል ማለት ነው።

የቀድሞው ሰው መሣሪያውን የሚይዘው እንዲታይለት ነበር። በቀኝ ጎን የሚታጠቁት ጎራዴ ሸማውን ከኋላ ቀና አድርጎ ከሩቅ ይናገራል። ከዐድዋ ወዲህ ደግሞ፣ የራስ ሚካኤል የወሎ ፈረሰኛ ጭምር ከተሰለፈበት ከ1888 ዓ.ም. በኋላ፣ ውጅግራውም ምንሽሩም በየባላገሩ ትከሻ ላይ በዛ። ጠመንጃ ያነገተ ሰው ከወዲያኛው ጋራ ሲመጣ ይታያል። ያየው ሰው ለመቆም፣ ለመሸሽ ወይም ለሰላምታ ጊዜ አለው። ሽማግሌ ፊት ሲቀርብም ጠመንጃውን ከግንድ አስደግፎ ይገባል፤ ሁሉም ያየዋል። የሚታይ መሣሪያ ሥርዓት ሊወጣለት ይችላል። የተሸጎጠውን ግን ማን «አስቀምጥ» ይለዋል? መኖሩን ማን አወቀና!

ከእኛው ከደቡብ ወሎ አንድ ታላቅ ምስክር አለን። ከበሽሎ በስተደቡብ በቆመችው በመቅደላ አምባ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሽጉጣቸውን ጎርሰው ጠጡ። ሽጉጡ ከእንግሊዟ ንግሥት ከቪክቶሪያ የተላከ ስጦታ ነበር፤ ለቆንስሏ ለፕላውደን ስላደረጉት ቸርነት የምስጋና ቃል ተቀርጾበታል። ከሦስት ቀን በፊት በአሮጌ ሜዳ ላይ ፊታውራሪ ገብርዬ ከብዙ ሠራዊት ጋር ወድቀዋል። የናፒየር ወታደሮች ከኋላ የሚጎርስ ስናይደር ጠመንጃ፣ መድፍና ሮኬት ይዘው ነበር። እንግዲህ ልብ እንበል። ያን ሁሉ የመለሰ ሽጉጥ የለም። ያ የንግሥት ስጦታ የቻለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባለቤቱ በጠላት እጅ እንዳይገባ ማድረግ። ሽጉጥ የመጨረሻው ክንድ መሣሪያ ነው የምንለው ለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ሽጉጥ በአገራችን የማዕረግ ዕቃ ሆነ። ጠመንጃ የወታደሩና የባላገሩ፣ ሽጉጥ የሹሙና የመኮንኑ። እ.ኤ.አ. በ1896 የወጣው የጀርመኑ ማውዘር ዐሥር ጥይት ይጎርሳል፤ የእንጨት ቤቱም ከኋላው ሲገጠም ሰደፍ ይሆንለታል። እንዲህ ያለው ትልቅ ዕቃ በስም ሽጉጥ ይባል እንጂ አይሸጎጥም፤ ጎን ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። ኋላ ፋሽስት ኢጣልያ አገራችንን ሲወርር ትንሹ ቤሬታ መጣ፤ ሰባት ጥይት፣ አጭር አፈሙዝ፣ ለኪስ የሚበቃ። የጓደኛችን አያት ሽጉጥም ይኸው ሆኖ አገኘነው። ብረቱ ላይ 1937 የሚል የፈረንጅ ዓመት፣ ከጎኑም በሮማውያን ቁጥር ዐሥራ አምስት ተቀርጿል። የሞሶሎኒ መንግሥት ዘመኑን ከራሱ መነሣት ጀምሮ ይቆጥር ነበርና፣ ዐሥራ አምስተኛው ዓመቱ መሆኑ ነው። መንግሥቱ ወደቀ፤ ቁጥሩ ቆጥ ላይ ቀረ።

በደርግ ዘመን ተራው የሶቪየቱ የማካሮቭ ሆነ። ስምንት ጥይት የሚይዝ፣ ከሸሚዝ በታች የሚገባ። በ1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቤት ለቤት አሰሳ ሲካሄድ መሣሪያ የተገኘበት ሰው ዕጣ ምን እንደነበር ወላጆቻችን ዛሬም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚያወሩት። ያኔ መደበቅ ሁለት ትርጉም ነበረው። አንዱ ሽጉጡን የሚሸጉጠው እንዳይያዝ ነው። ሌላው፣ ባለሥልጣኑ፣ የሚሸጉጠው እብጠቱ ከኮቱ ሥር እንዲታይለት ነው። የተሸጎጠ ነገር ሳይወጣም ያስፈራል።

ወደ ጓደኛችን ጥያቄ እንመለስ። የት ይያዝ? በየተራ እንያቸው።

አንደኛው እንዲሁ ወገብ ላይ በሱሪ ሻጥ ማድረግ ነው። በሲኒማ እንደምናየው። ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። ሲቀመጡ፣ በቅሎ ላይ ሲወጡ፣ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ሲወርዱ ይንሸራተታል። ምላጩን የሚሸፍን ነገር የለም፤ ጣት፣ የቀበቶ ጫፍ ወይም የጋቢ ጥለት ሊስበው ይችላል። ጥይት ጎርሶ ከሆነ ደግሞ አፈሙዙ ወዴት እንደሚመለከት ለወንድ ልጅ መንገር አያስፈልግም።

ሁለተኛው በቀበቶ ላይ በቆዳ አፎት መያዝ ነው። ምላጩ ይሸፈናል፣ ዕቃው አይወድቅም፣ ቦታው አይለዋወጥም። ችግሩ አገራችን ደጋ ነው። ጋቢ ላይ በርኖስ፣ በርኖስ ላይ የዝናብ ልብስ። እጅ ያን ሁሉ ገልጦ እስኪደርስ ቀማኛው ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል። ልብሱን ገለጥ አድርገው ከያዙት ደግሞ ታየ፤ የታየ ሽጉጥ የመጀመሪያው ጠላት የሚቀማው ሰው ነው።

ሦስተኛው ብብት ሥር ነው። ሲያወጡት አፈሙዙ ከጎን የቆመውን ሰው ሁሉ ዞሮ ያያል። አገሬው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ሲል ስለ ሽጉጥ አልነበረም፤ ግን ይገጥማል። አራተኛው ቦርሳ ነው። ቦርሳ ይቀመጣል፣ ይረሳል፣ ሕፃን ይከፍተዋል፤ በአውቶቡስ ላይም ጣራ ተጭኖ ይሄዳል።

ጥይት አጉርሶ መያዝ ወይስ ሳያጎርሱ? ባዶ ከሆነ አደጋ ሲመጣ ሁለት እጅ ይፈልጋል። ከጎረሰ ሌሊትና ቀን መጠንቀቅ ይፈልጋል፤ በተለይ የድሮዎቹ ላይ። የሩሲያው ቶካሬቭ ሲሠራ መቆለፊያ እንኳ አልነበረውም። ቤሬታው ቢኖረውም ምላጩን ብቻ ነው የሚይዘው። ዕቃው ወድቆ ድንጋይ ቢመታ ዋስትና የለም።

ከሁሉ በላይ ግን የመልክዓ ምድሩ ነገር አለ። ሽጉጥ ከ50 ሜትር ያለፈ ነገር አይሆንለትም። የእኛ አገር ገደልና ጋራ ነው። መንገድ የሚጠብቅ ቀማኛ ጠመንጃ ይዞ ከአፋፍ ላይ ይተኛል እንጂ ሽጉጥ ወደሚደርስበት መጥቶ ሰላምታ አይሰጥም። ታዲያ ሽጉጡ በእውነቱ የሚተኮሰው በማን ላይ ነው? በጠጅ ቤት በተጣላነው፣ በድንበር በተካሰስነው፣ በጎረቤታችን። ቅርብ ባለ ሰው ላይ። ይህን ወሎ ስለሚያውቅ ነው አበጋሮቹን ያቆመው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ደም ሲፈስ ለማድረቅ እነሱ ዘንድ ይቀመጣል። ደም የሚደርቀው ግን ከፈሰሰ በኋላ ነው።

ሕጉስ? የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል፤ ጥቃቱ ሕገ ወጥና የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ፣ በሌላ መንገድ ሊመለስ የማይችል፣ መከላከያውም ከጥቃቱ ጋር የተመጣጠነ ሲሆን። ሕጉ ራስን መከላከልን ይፈቅዳል ማለት ግን ሽጉጥ መሸጎጥን ይፈቅዳል ማለት አይደለም፤ ለእሱ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ ይጠይቃል። ሆኖም የመንግሥትና የባለመሣሪያው ነገር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አልነበረም። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሕዝቡ ያለውን መሣሪያ ይዞ እንዲወጣ ጥሪ ተደረገ፤ በዚያው ሰሞን የአዲስ አበባ ነዋሪ ያለውን በሁለት ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግብ ተነገረው። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልል ሌላ ጦርነት አይቷል። ያው ብረት አንድ ቀን የአገር መከታ፣ አንድ ቀን በኬላ ላይ የሚያስወርድ ወንጀል ይሆናል። የጓደኛችን አጎት «መንገዱን እንደሁ ታየዋለህ» ሲል እውነቱን ነው። ኬላውም ግን መንገዱ ላይ ነው ያለው።

ይህን ሁሉ በዚያች ማታ ስንከራከር እማሆይ፣ የጓደኛችን ሴት አያት፣ ምድጃው ዳር ዝም ብለው ያዳምጡን ነበር። መጨረሻ ላይ፣ «አያትህ ለምን ያነክስ ነበር?» አሉት።

«ሽፍታ መትቷቸው ነዋ! ዓባይ በረሃ።»

«ማን አለህ?»

አገሩ ሁሉ የሚያወራው ይህንኑ ነው። በልጅነታችን እኛም ሰምተነዋል። ሽፍታው ሦስት ነበር፣ አንዳንዴም አምስት ይሆናል።

«ከሠርግ ሲመለስ በቅሎ ላይ ሲወጣ ነው» አሉ እማሆይ። «ወገቡ ላይ ነበር፤ ጭኑን በሳው። ያሰርኩለት በመቀነቴ ነው። ‹ሽፍታ ነው በይ› አለኝ። አልኩ። አርባ ዓመት አልኩ።»

አጎቱ አንገቱን ደፋ። እሱም ያን ማታ መስማቱ ነበር።

የታሪክ ተማሪዎች ነንና አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። የአርበኝነት፣ የሽፍትነት፣ የቤት ጠባቂነት ታሪካችን በብዛት የተጻፈው በተተኮሰው ጥይት ነው። ባለቤቱን የመታው ጥይት ግን መዝገብ የለውም፤ እሱም እንደ መሣሪያው ተሸጉጦ ይቀመጣል። ስንት ቤት ስንት እማሆይ «ሽፍታ ነው» እያሉ ኖረው ይሆን? ሄዳችሁ ጠይቁ እንላለን፤ ምድጃው ሳይጠፋ።

አጎቱ ጥይቱን ከካዝናው አንድ በአንድ አውጥቶ ቆጠረው። አራት ነበር። ብረቱን በጨርቁ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ቆለፈና ቁልፉን ለእማሆይ ሰጠ፤ «ሕጋዊ የሚሆንበትን መንገድ ጠይቄ እመጣለሁ» አለ። ጓደኛችን በነጋታው አውቶቡስ ላይ ወጣ። እጁን የት እንደሚያደርግ ቸግሮት ነበር፤ መጨረሻ ላይ እማሆይ የቋጠሩለትን ዳቦ ያዘ።