ምናባዊ ቅንጣት

ምናባዊ ቅንጣት በኳንተም የመስክ ንድፈ ሐሳብ የቅንጣቶችን መስተጋብር ለማስላት የሚያገለግል የሒሳብ አካል ነው። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሪቻርድ ፌይንማን በ1940ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ባስተዋወቃቸው ሥዕሎች ወደ መስተጋብሩ የሚገቡትና ከእሱ የሚወጡት መስመሮች መሣሪያ የሚመዘግባቸው መደበኛ ቅንጣቶች ናቸው፤ ጫፋቸው ሁለቱም ሥዕሉ ውስጥ የሚቀረው ደግሞ ምናባዊዎቹ። የመደበኛ ቅንጣት ኢነርጂ፣ ሞመንተምና መጠነ ቁስ በአንስታይን ቀመር የተሳሰሩ ስለሆኑ ሁለቱ ከታወቁ ሦስተኛው ይታወቃል። ምናባዊው ለዚህ ቀመር አይገዛም። ኒውትሮን ወደ ፕሮቶን ሲለወጥ በመሃል የሚሣለው ደብልዩ ቦዞን ነው። የዚህ ቦዞን መጠነ ቁስ 80 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ሲሆን፣ ኤሌክትሮኑና አንቲኒውትሪኖው ይዘውት የሚወጡት ኢነርጂ ግን ከ1.3 ሚሊዮን አይበልጥም። ብዙዎች ይህን «ኢነርጂ ለቅጽበት ተበድሮ መመለስ» ይሉታል፤ አባባሉ ያሳስታል። በሥዕሉ እያንዳንዱ መገናኛ ላይ ኢነርጂም ሞመንተምም ሳይጎድል ይጠበቃል፤ የላላው የመጠነ ቁሱ ቀመር ብቻ ነው።

ታዲያ ምናባዊ ቅንጣት በእርግጥ አለ? አለ የሚሉት ሁለት ማስረጃ ያቀርባሉ። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ዊሊስ ላምብና ሮበርት ሬዘርፎርድ በ1947 የሃይድሮጅን ሁለት የኢነርጂ ደረጃዎች፣ እኩል ይሆናሉ ተብለው ሲጠበቁ፣ በ1,000 ሜጋኸርዝ ገደማ እንደሚለያዩ ለኩ። ሌላው የፊዚክስ ሊቅ ሔንድሪክ ካዚሚር ደግሞ በ1948 የኤሌክትሪክ ሙል የሌላቸው ሁለት የብረት ሰሌዳዎች በባዶ ስፍራ እንደሚሳሳቡ ተነበየ፤ ስበቱም ኋላ በሙከራ ተለካ። ሁለቱንም የባዶ ስፍራ ኢነርጂና የምናባዊ ቅንጣቶች ሥራ ይሏቸዋል። ውጤቶቹ አያከራክሩም። ነገር ግን ልኬት የሚያረጋግጠው በስሌቱ የሚደመሩትን ሥዕሎች ጠቅላላ ድምር ነው፤ ከድምሩ አባላት አንዱን ነጥሎ የያዘ መሣሪያ የለም። የፊዚክስ ሊቁ ሮበርት ጃፊ በ2005 እንዳሳየው የካዚሚር ስበት በሰሌዳዎቹ ውስጥ ካሉ ሙሎችና ጅረቶች መስተጋብር ተነሥቶ፣ የባዶ ስፍራ ኢነርጂ ሳይጠራ ሊሰላ ይችላል። የፕሮቶን መጠነ ቁስም ጊዜና ቦታን ወደ ጥቃቅን ነጥቦች ከፋፍሎ በሱፐር ኮምፒውተር ሲሰላ የፌይንማን መስመር አያስፈልገውም። መስኩ እውን ነው፤ ምናባዊ ቅንጣት መስኩን ለማስላት ከመረጥነው መንገድ ጋር የሚመጣ፣ መንገዱ ሲቀየር የሚቀር ነው።

መደበኛና ምናባዊ ብሎ መለየትን የሚፈታተን፣ ከእነዚህ ማስረጃዎች የሚከብድ ሌላ ተቃውሞ አለ። ከኮከብ ተነሥቶ ዓይን ውስጥ የሚጠፋ ፎቶን ሁለቱም ጫፎቹ ሥዕሉ ውስጥ ስለሆኑ እሱም ምናባዊ ሊባል ነው? በጥብቅ ትርጉሙ አዎ። ሆኖም መስመሩ በረዘመ ቁጥር ከአንስታይን ቀመር የሚያፈነግጠው መጠን እየጠበበ ሄዶ ማንም ሊለካው የማይችል ይሆናል። ስለዚህ ድንበሩ የደረጃ እንጂ የግንብ አይደለም። በ1983 ሰርን በተባለው የምርምር ማዕከል ውስጥ የተገኘው ደብልዩ ቦዞን እንኳ የታወቀው ትቷቸው ባለፈ ቅንጣቶች ብቻ ነው፤ ዕድሜው እጅግ አጭር በመሆኑም መጠነ ቁሱ 2 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ በሆነ ስፋት ይሰራጫል።