ገመዱን ማን ያዘው?

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይላሉ አበው። በሥራ ባልደረቦቼ ዘንድ ነገር በቀላሉ የማላምን፣ በየስብሰባው «ይህን አኃዝ የሰበሰበው ማነው?» እያልኩ የማስቸግር ሰው ተብዬ እታወቃለሁ። አንዳንዶች የዶክትሬት ትምህርቱ ያመጣብኝ ጠባይ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ምንጩን አውቀዋለሁ፤ ግሽ ዓባይ አጠገብ ገብስና ድንች ሲያመርቱ ከኖሩት አያቴ የወረስኩት ነው።

አያቴ ፊደል አልቆጠሩም። ሆኖም ሰው ከከተማ ወሬ ይዞ በመጣ ቁጥር «ገመዱን ማን ያዘው?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ልጅ ሳለሁ ቀልድ ይመስለኝ ነበር። ታሪክ ሳጠና ግን ከጥያቄው በስተጀርባ ያለው የአንድ ትውልድ ፍርሃት መሆኑን ተረዳሁ።

በ1960 ዓ.ም. የአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት አሥራትን ሽሮ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ አወጣ። በወረቀት ላይ ሲነበብ አዋጁ ክፉ አልነበረም፤ ብዙ የሚያገኝ ብዙ፣ ጥቂት የሚያገኝ ጥቂት ይክፈል የሚል ነበርና። የጎጃም ገበሬ ግን እምቢ አለ። ርስቱ በአባትም በእናትም የሚቆጠር የዘር መሬት ነው። ዛሬ ገማች ገብቶ ምርቱን ከገመተ ነገ ቃላድ ይጣልበታል፤ መሬቱ ከተለካ በኋላ ደግሞ ባለርስቱ ጭሰኛ ይሆናል ብሎ ሰጋ። በደቡብ የአገራችን ክፍል ቃላድ ያደረሰውን ለሚያስታውስ ስጋቱ መሠረተ ቢስ አልነበረም። አመፁ በሞጣና በቢቸና በረታ። መንግሥት ጦር አዘመተ፤ በአውሮፕላን ሳይቀር መንደሮችን ደበደበ። በመጨረሻ ግን ንጉሠ ነገሥቱ ጠቅላይ ገዢውን ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴን አነሡ፤ የግብሩንም ውዝፍ ማሩ።

አያቴ ይህን ሲተርኩ ዓይናቸው ይበራ ነበር። እኔም በእምቢታቸው እኮራ ነበር፤ ዛሬም እኮራለሁ። ይሁን እንጂ ከእምቢታቸው ይበልጥ እንዳከብራቸው ያደረገኝ ሌላ ቀን ነው።

በ1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ካደረገ ከ22 ዓመት በኋላ፣ በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደገና ተከፋፈለ። በቀደሙት መንግሥታት ሹመት የነበራቸው ገበሬዎች «ቢሮክራት» ወይም «ፊውዳል» ተብለው ከአራት ጥማድ፣ ማለትም ከአንድ ሄክታር በላይ እንዳይዙ ተወሰነ። ሌላው እስከ ሦስት ሄክታር ሊይዝ ይችል ነበር። ገበሬዎች አቤት ለማለት አዲስ አበባ ድረስ ተጓዙ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ሰልፍ ወጡላቸው። አያቴ በደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበር ኮሚቴ አባል ነበሩና ከቢሮክራቶቹ ተቆጠሩ። ለዓመታት በጥያቄ ያሳደዱት ገመድ በመጨረሻ ማሳቸው ውስጥ ተዘረጋ። «ገመዱን ማን ያዘው?» አሉ። የመለሰላቸው አልነበረም።

ከተወሰደው መሬት ከፊሉ ለአንድ የሸማኔ ልጅ ደረሰ። እኔ ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ፤ ከፍኖተ ሰላም ለዕረፍት መጥቼ ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። «አባባ፣ የእኛን መሬት እንዴት እሱ ያርሰዋል?» አልኳቸው። ብዙ ዝም አሉ።

«ልጄ፣ እሱ አልለካው። የዚህ ልጅ አያት አንድ ትልም ሳይኖራቸው ነው የሞቱት። ያን ጊዜ ገመዱን የያዝነው እኛ ነበርን» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። በጀግንነት የተከላከልነው የርስት ሥርዓት ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩንና ሙስሊሙን ጎረቤት በአብዛኛው ከመሬት ያገለለ ነበር። የ1960ውን አመፅ ፍጹም ፍትሕ፣ ወይም ፍጹም ኋላ ቀርነት አድርገው የሚያቀርቡ ሁሉ ይህን ገጹን ይዘሉታል። የ1989ኙ በደልም በደልነቱ አይቀርም፤ አያቴ እስኪሞቱ ድረስ ይቅር አላሉትም። ነገር ግን የተበደሉበት ቁጣ የበደሉትን አላስረሳቸውም።

በዛሬው ፖለቲካችን «ገመዱን ማን ያዘው?» የማይል የለም፤ የምንለው ግን ገመዱ በሌላው እጅ ሲሆን ብቻ ነው። ከአያቴ መጠራጠሩን ያለ ድካም ወርሼዋለሁ፤ ዘር ስቦኛል። ሁለተኛው ጠባያቸው ግን በደም የሚተላለፍ አይመስለኝም። የተማሪዎቼን ውጤት ለመሙላት በተቀመጥኩ ቁጥር ገመዱ በእኔ እጅ መሆኑን ለራሴ ማስታወስ አለብኝ፤ ሁልጊዜም አይሳካልኝም።

ቸር ይግጠመን።