ሦስት እሳት በ40 ቀን፦ አዳማና የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ደመራን እንዴት የራሳቸው አደረጉት?

መስከረም በገባ በሁለተኛው ሳምንት በአዳማ ብዙ ቤቶች አንድ ዓይነት ክርክር ይነሳል። የደመራ ምሽት የት ይዋል? አባት ጉራጌ ከሆነ ሐሳቡ አገር ቤት ነው፤ ለአውቶቡስ ትኬት ከወዲሁ ካልተሯሯጠ ቦታ እንደማያገኝ ያውቃል። እናት የደብሩ ደመራ እንዳያመልጣት ትፈልጋለች። ልጆቹ ደግሞ ስለ ችቦም ስለ ጸሎትም ብዙ አይጨነቁም፤ ጥያቄያቸው ርችት ይገዛል ወይስ አይገዛም የሚል ነው። አያት ካሉ ግን ክርክሩን የሚዘጉት እሳቸው ናቸው። የትም ተሂዶ ይምጣ፣ በደጃፍ እሳት ሳይነድ አይታደርም።

ይህ ተራ የቤተሰብ ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን ከጀርባው የመቶ ዓመት ታሪክና በቅርብ ዓመታት የደረሰ ከባድ ቁስል አለ። እሳት በስምጥ ሸለቆ ከተሞች አንድ ትርጉም ብቻ ያለው ነገር አይደለም።

🔥 ሦስቱ እሳቶች

በኢትዮጵያ የእሳት ምሽቶች ተከታትለው ይመጣሉ። መጀመሪያ ነሐሴ 12 ማታ የቡሄ ችቦ ይበራል፤ በማግስቱ ደብረ ታቦር ነው። ችቦው በታቦር ተራራ የታየው ብርሃን፣ የጅራፉ ጩኸት ደግሞ ከደመናው የተሰማው ድምፅ ምሳሌ ነው ይባላል። ቀጥሎ የጳጉሜን መጨረሻ ማታ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ችቦ ይለኮሳል። በመጨረሻ መስከረም 16 ደመራው ይነዳል። ከመጀመሪያው እሳት እስከ መጨረሻው ያለው 40 ቀን ያህል ነው። ክረምቱ የሚሸኘው በእነዚህ ሦስት እሳቶች ነው።

ከሦስቱ ትልቁ ደመራ ነው። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንደሚለው ንግሥት እሌኒ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተቀበረውን መስቀል ፍለጋ ኢየሩሳሌም ገባች። ኪራኮስ የሚባል አዛውንት መከራት። እንጨት አስደምራ፣ ዕጣን ጨምራ ለኮሰች። ጢሱ ወደ ላይ ወጥቶ ተመልሶ የሰገደበት ቦታ ተቆፈረ። ቁፋሮው የተጀመረው መስከረም 17፣ መስቀሉ የተገኘው መጋቢት 10 ነው፤ መጋቢት ግን በዐቢይ ጾም ላይ ስለሚውል ዋናው በዓል መስከረም ላይ ጸና። ደመራ የሚለው ቃል ራሱ ደመረ፣ ሰበሰበ፣ አንድ ላይ ከመረ ከሚለው የወጣ ነው። ቃሉ የፖለቲካ መፈክር ከመሆኑ በፊት የእንጨት ክምር ስም ነበር።

አከባበሩም በየአገሩ ይለያያል። በአዲስ አበባና በሸዋ ደመራው የሚለኮሰው 16 ማታ ነው፤ በሰሜን ብዙ ቦታዎች ደግሞ 17 ንጋት ላይ ነው። ምሰሶው ወደየት ወደቀ? ዝናብ መታው ወይስ በራሱ ነዶ አለቀ? ሽማግሌዎች ከዚህ ተነሥተው ስለ መጪው ዓመት ይናገራሉ። አመዱ በግንባር ላይ የመስቀል ምልክት ይሆናል።

🔥 እሳቱ ወደ ቆላው የገባው በየት በኩል ነው?

እዚህ ላይ ሁለት ወገን ሁለት አጭር መልስ ይሰጣል። አንዱ "ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነው" ይላል። ሌላው "ከምኒልክ ጦር ጋር የመጣ ነው" ይላል። ታሪኩ ግን ከሁለቱም መልስ ይሰፋል።

በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች የሚኖረው የዘይ ሕዝብ ክርስትናን ለዘመናት ጠብቆ ኖሯል። በቱሉ ጉዶ ደሴት ያለችው ደብረ ጽዮን ማርያም ትውፊት ታቦተ ጽዮን በዮዲት ጉዲት ዘመን ከአክሱም ሸሽታ እዚያ ተጠልላ እንደነበር ይተርካል። ትውፊቱ ትውፊት ነው፤ የደሴቶቹ ክርስትና ግን ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዘመቻ በፊት የነበረ መሆኑ አያከራክርም።

ሁለተኛውም እውነት መካድ የለበትም። ከአዳማ በስተደቡብ ባለው የአርሲ ምድር ላይ የዘመተው የሸዋ ጦር ለዓመታት ተዋግቶ፣ በራስ ዳርጌ መሪነት እ.ኤ.አ. በ1886 በአዙሌ ድል አደረገ። ከዚያ በኋላ በየኮረብታው የጦር ሰፈር ተተከለ፤ ከሰፈሩ ጎን ደብር ተሠራ፤ በዙሪያው ያለው ገበሬ ገባር ሆነ። በእነዚህ ሰፈሮች የሚነደው ደመራ ለአንዱ በዓል ሲሆን ለሌላው የገዢው እሳት ነበር። ይህን ሳይናገሩ የደመራን ታሪክ በአርሲ መጻፍ አይቻልም።

ሦስተኛው መንገድ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። እሱም ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። በመካከሉ የባቡር ጣቢያ ይዘው ከተስፋፉት ከተሞች አንዷ አዳማ ናት። ስሟ ከቁልቋል ጋር የተያያዘ የኦሮምኛ ስም ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከወንጌሉ ከተማ ወስደው ናዝሬት አሏት፤ እ.ኤ.አ. በ2000 አዳማ የሚለው ስሟ በይፋ ተመለሰ። በነዋሪው አፍ ግን ሁለቱም ስሞች አሁንም አሉ።

ጣቢያ ያለበት ከተማ የአንድ ወገን ብቻ ሆኖ አይቆይም። የቱለማና የአርሲ ኦሮሞ፣ የሸዋ አማራ፣ የጉራጌ ነጋዴ፣ የሐረር ሰው፣ የየመን አረብ፣ የግሪክና የጣሊያን ባለሱቅ አዳማ ላይ ተገናኙ። እ.ኤ.አ. በ1954 ሆላንዶቹ ወንጂ ላይ ስኳር ማምረት ሲጀምሩ ደግሞ ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ የአገዳ ቆራጭ ጎረፈ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሰው ባዶ እጁን አልመጣም። መስከረም የራሱ በዓል ነበረው። ሐዲያው ያሆዴ ይላል፤ ከምባታው መሳላ፤ ወላይታው ጊፋታ። ለጉራጌው መስቀል ዓመት ሙሉ በእቁብ የሚጠራቀምለት፣ ከተሜው ሁሉ አገር ቤት የሚገባበት፣ ጠብ የሚታረቅበት፣ ትዳር የሚወራበት በዓል ነው። በሸዋ ኦሮሞ ዘንድ የዋዜማው እሳት ጉባ ይባላል፤ ቃሉ ከማቃጠል የመጣ ነው። ስለዚህ አዳማ ላይ መስከረም 16 ማታ የሚነደው እሳት አንድ ሆኖ ይታያል እንጂ ስሙና ዜማው ብዙ ነው። ከተማዋ ደመራን ከአንድ ሰው እጅ አልተቀበለችም።

🔥 መንግሥትና አደባባዩ

ደመራ የቤተሰብና የደብር ብቻ ሆኖ የቆየበት ዘመን ጥቂት ነው። በንጉሡ ዘመን ደመራ የመንግሥትም ሥነ ሥርዓት ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከመኳንንቱና ከሠራዊቱ ጋር በአደባባይ ይገኙ ነበር። ደርግ መጣና የአዲስ አበባውን መስቀል አደባባይ አብዮት አደባባይ አለው። የመስከረም ትልቁ ቀን መስከረም 2 ሆነ፤ ሰልፉ፣ ታንኩና መፈክሩ አደባባዩን ሞላው። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ አደባባዩ ስሙ ተመለሰለት። እ.ኤ.አ. በ2013 ዩኔስኮ የመስቀልን በዓል በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገባው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ የገዳ ሥርዓት ተመዘገበ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ያልተቋረጠው ነገር ምንድን ነው? የደጃፉ ችቦ ነው። አደባባዩን መንግሥት ሊሰይመው፣ ሊዘጋው፣ ሊከፍተው ይችላል። በየደጁ የሚነደውን እሳት ግን ለማጥፋት በየቤቱ መዞር ይጠይቃል። በኮሮና ምክንያት መስከረም 2013 የመስቀል አደባባዩ ደመራ በተወሰነ ሰው ብቻ ሲከበር፣ በዓሉ የተያዘው በየሰፈሩና በየግቢው ነበር።

🔥 ሌላው እሳት

ከዚያ መስከረም ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ በፊት ግን በእነዚሁ ከተሞች ሌላ እሳት ነዶ ነበር። ሰኔ 22 ቀን 2012 ማታ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በአዲስ አበባ ተገደለ። በማግስቱና ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት በሻሸመኔ፣ በባቱ (ዝዋይ)፣ በአርሲ ነገሌና በሌሎችም ከተሞች ቤት፣ ሱቅና ሆቴል ተቃጠለ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ምርመራ በክልሉ ቢያንስ 123 ሰዎች መሞታቸውን መዝግቧል። በቡድን በተፈጸመ ጥቃት የሞተ አለ፤ በጸጥታ ኃይል ጥይት የሞተም አለ። ከዚያ በፊት መስከረም 22 ቀን 2009 ለኢሬቻ ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ የወጡ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን በአስከሬን ተቀብለዋል። በጥር 2015 በተነሣው የሲኖዶስ ውዝግብ ደግሞ ሻሸመኔ እንደገና ደም አየች።

ቤቱ የተቃጠለበት ሰው በመስከረም ችቦ ሲለኩስ ምን ይሰማዋል? ልጁን በሆራ ያጣ አባትስ ሕዝብ በተሰበሰበበት አደባባይ ምን ያያል? የበዓል መግለጫዎች ይህን ጥያቄ አይነኩትም። ቤተሰቦች ግን ሳይናገሩ መልሰውታል፤ ብዙዎች ልጆቻቸውን ወደ ትልቅ ሕዝብ ከመላክ በሰፈር ማክበርን መርጠዋል።

የርችቱ ነገርም የሚገባው ከዚህ ሲነሡ ነው። ቡሄ ላይ ጅራፍ ሲጮህ የኖረበትን ቦታ ርችት ቀስ በቀስ ያዘው። መስከረም 1 ቀን 2000 የሚሌኒየሙ ሌሊት የአዲስ አበባ ሰማይ በርችት ሲደምቅ አገሩ ሁሉ በቴሌቪዥን አይቷል፤ ከዚያ በኋላ ያደገ ልጅ በዓልን ያለ ርችት አያስበውም። በቅርብ ዓመታት ግን የፖሊስ የበዓል ማሳሰቢያ ርችትን ከጥይት ጋር አንድ ላይ ሲከለክል ይሰማል። ለልጁ ይህ ደስታን መንጠቅ ነው። እውነተኛ ተኩስ በሰማ ከተማ ግን በጨለማ የሚጮኸው ድምፅ የቱ እንደሆነ ማን ይለያል? ርችቱ ሲፈነዳ መሬት ላይ የምትተኛ እናት ባለችበት ሰፈር፣ ልጇን ጅራፍና ችቦ ይበቃሃል ብላ የምትከለክል ጎረቤት ጨካኝ አይደለችም።

🔥 እሳቱ የማን ነው?

ዛሬ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚሰማው ክርክር ደመራን ለአንድ ወገን ለማስያዝ የሚደረግ ነው። አንዱ የድል አድራጊ እሳት ነው ብሎ ይጥለዋል። ሌላው የእኔ ብቻ ነው ብሎ ያጥረዋል። ሁለቱም ስለ አዳማ ደጃፍ የሚያውቁት ጥቂት ነው።

ደመራ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው፤ ጸሎቱ፣ ወረቡ፣ ቡራኬው የእሷ ነው። ይህን የሚክድ የለም። ከቡራኬው በኋላ ያለው ምሽት ግን የሰፈሩ ነው። ሙስሊሙ ጎረቤት ደመራ አይዞርም፤ ልጆቹ ግን ከጓደኞቻቸው ጋር በእሳቱ ዙሪያ ሲሯሯጡ ያመሻሉ። ፕሮቴስታንት የሆነው ወንድም ችቦ አይለኩስም፤ ቡናው ላይ ግን አይጠፋም። በሳምንቱ እሑድ ደግሞ ከዚያው ሰፈር እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሆራ አርሰዲ የሚወርድ አለ። ደመራም ዞሮ ኢሬቻም የሚወርድ ቤተሰብ በአዳማ ብርቅ አይደለም። የፖለቲካ ተንታኝ እንደ ቅራኔ የሚያየውን እነሱ እንደ ሁለት በዓል ያዩታል።

እርግጥ ነው፣ ሰፈር ሁሉን አይፈታም። በ2012 ቤት ካቃጠሉት መካከል የሰፈሩን ቤቶች በስም የሚያውቁ ነበሩ የሚል ምስክርነት ተሰምቷል። አብሮ እሳት መሞቅ ብቻውን ከእሳት አያድንም። ፍትሕ ያስፈልጋል፤ ካሳ ያስፈልጋል፤ የሞቱትን በስማቸው መጥራት ያስፈልጋል። ጎረቤታቸውን ደብቀው ያዳኑትም ግን የዚያው ሰፈር ሰዎች ነበሩ። ያዳኑት እነማን እንደሆኑ ቢጠየቅ፣ ብዙዎቹ በበዓል ቀን ቤት ለቤት የሚገባቡ ናቸው።

ስለዚህ የአያትየው ትእዛዝ ቀላል ነገር አይደለም። አውቶቡሱ ይያዝ፤ ደብሩ ይደረስ፤ ርችቱ ይቅር። በደጃፍ ያለው ችቦ ግን ይብራ፤ ሲበራም የጎረቤት በር ይንኳኳ። ደመራ በአንድ እንጨት አይሠራም፤ እያንዳንዱ ቤት የየድርሻውን እንጨት ይዞ ሲወጣ ነው የሚቆመው። ያኔ በእሳቱ ዙሪያ የጎደለው ሰው ማን እንደሆነም ይታያል።

መልካም የደመራ ምሽት።